«መዝገቡ ተዘግቷል» ከተባለ በኋላ ማስረጃው የት ይደር?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል አባላት፦

በፍርድ ቤት ውሳኔ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምትጻፍ አንዲት አጭር መስመር አለች። «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ትላለች። እኔ ጡረታ እስከ ወጣሁበት ጊዜ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁት ይህች መስመር ከተጻፈች በኋላ በሚጀምረው ሥራ ላይ ነበር። ዳኞቹ፣ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው ወደ ሌላ ጉዳይ ሲሻገሩ፣ የተፈረደበትም ሰው ወደ ማረሚያ ቤት ሲወሰድ፣ የክሱ ፋይልና ከፋይሉ ጋር የቀረበው ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ፣ ወደ እኛ ይወርድ ነበር። በነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸው ብዙ ዓመት ከታሰሩ በኋላ አዲስ ማስረጃ ተገኝቶ ነጻ ስለ ወጡ ሰዎች በተጻፈ ቁጥር ስለ መርማሪው፣ ስለ ምስክሩና ስለ ዳኛው ብዙ ይባላል፤ መባሉም ይገባል። ያ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ የት ነበር፣ ማንስ ጠበቀው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

«አዲስ የተገኘ ማስረጃ» የሚለው አጠራር ራሱ በጥቂቱ ያሳስታል። ሲሰሙት ከዚህ ቀደም በማንም እጅ ያልነበረ፣ ድንገት ከመሬት የፈለቀ ነገር ይመስላል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ የለም አልልም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ማስረጃው አሮጌ ነው። ፍርዱ በተሰጠበት ቀን በአንድ መሳቢያ ውስጥ፣ በአንድ የላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ወይም በመርማሪው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ ነገር ተከሳሹና ጠበቃው ማየታቸው ብቻ ነው።

የጃፓናዊውን የኢዋኦ ሃካማዳን ጉዳይ ልጥቀስ። ሃካማዳ የቀድሞ ቦክሰኛ ሲሆኑ፣ ከአኩሪ አተር የሚብላላውን ሚሶ የተባለ ማጣፈጫ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በ1966 ከፋብሪካው ኃላፊዎች አንዱና ሦስት የቤተሰቡ አባላት በስለት ተወግተው ከተገደሉ በኋላ ቤታቸው ሲቃጠል ፖሊስ እሳቸውን ያዘ። ለ20 ቀን ገደማ፣ በቀን ለብዙ ሰዓታት በተካሄደ ምርመራ «ፈጽሜያለሁ» የሚል ቃል ሰጡ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ግን ተገድጄ ነው ብለው ካዱ። ወንጀሉ ከተፈጸመ ከ14 ወር በኋላ፣ ክርክሩ ገና እየተሰማ ሳለ፣ ከፋብሪካው የሚሶ ጋን ውስጥ ደም የነካቸው አምስት ልብሶች ተገኙ ተባለ። ዐቃቤ ሕግ እስከዚያ ድረስ ወንጀሉ የተፈጸመው በሌሊት ልብስ ነው ሲል ቆይቶ ነበር፤ ወዲያው ቃሉን ለውጦ እነዚህን ልብሶች የገዳዩ ልብሶች ናቸው አለ። ሱሪው በይግባኙ ክርክር ላይ ቢለካ ለሃካማዳ ጠበባቸው። ያም ሆኖ በ1968 የተፈረደው የሞት ፍርድ በ1980 የመጨረሻ ሆኖ ጸና። ከፈረዱት ሦስት ዳኞች አንዱ፣ ሃካማዳ ንጹሕ ናቸው ብለው ያምኑ እንደነበርና በድምፅ ተበልጠው ፍርዱን እንደጻፉ በ2007 በአደባባይ ተናገሩ፤ ለእስረኛው ግን ይህ ኑዛዜ በሩን አልከፈተላቸውም።

በሩን የከፈተው የደሙ ቀለም ነው። ልብስ ላይ ያለ ደም ከአንድ ዓመት በላይ ሚሶ ውስጥ ከተቀበረ ይጠቁራል እንጂ ቀይ ሆኖ አይቆይም። ልብሶቹ በተገኙ ጊዜ የተነሱት የቀለም ፎቶግራፎች ግን ደሙን ቀይ አድርገው ያሳያሉ። እነዚያ ፎቶግራፎች ከአርባ ዓመት በላይ በዐቃቤ ሕግ እጅ ነበሩ፤ ለተከላካዮቹ የተገለጡት ለሁለተኛ ጊዜ በቀረበው የዳግም ዳኝነት ጥያቄ ሂደት ሲሆን፣ በዚያው ሂደት 600 ያህል ሌሎች ማስረጃዎችም ወጥተዋል። ሃካማዳ በ2014 ከእስር ቢፈቱም፣ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ በተሰጠው ትእዛዝ ላይ ይግባኝ ስላለ ጉዳዩ ሌላ አሥር ዓመት ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት ኖረ። በመጨረሻ መስከረም 26 ቀን 2024 ፍርድ ቤቱ ልብሶቹን ጨምሮ ማስረጃው በመርማሪዎች የተቀነባበረ መሆኑን ገልጾ በነጻ አሰናበታቸው። ዕድሜያቸው 88 ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ስለ ወንድሟ ስትጮህ የኖረችው እኅታቸው ሂዴኮ 91 ዓመት ሞልቷት ነበር። ያ ፎቶግራፍ «ጉዳዩ አልቋል» ተብሎ ተጥሎ ቢሆንስ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። እንደ እኔ ያለ አንድ ሠራተኛ መደርደሪያ ሊያስለቅቅ ብሎ ቢጥለው የሚጠይቀው አይኖርም ነበር።

በእንግሊዝ የተፈጸመው የስቴፈን ኪሽኮ ታሪክ ከዚህ ያጠረ፣ ግን የመረረ ነው። የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው ይህ የ23 ዓመት ወጣት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ገድለሃል ተብሎ በ1975 ተያዘ፤ ለቀናት ተጠይቆ አመነ፤ ወዲያው ካደ፤ በ1976 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በልጅቷ ልብስ ላይ በተገኘው ፈሳሽ ውስጥ የወንድ የዘር ሕዋስ ነበረበት፤ ኪሽኮ ደግሞ በሕመም ምክንያት የዘር ሕዋስ የማይፈጠርበት ሰው ነበር። ይህ ከችሎቱ በፊት በላቦራቶሪ ታውቆ የነበረ ሲሆን ለተከላካዩ ግን አልተነገረም። ብርሃን እስኪያይ 16 ዓመት ፈጀ። ኪሽኮ በ1992 ወጣ፤ በ1993 በ41 ዓመቱ ሞተ፤ ለነጻነቱ ስትታገል የኖረችው እናቱም ከእርሱ በኋላ ወራት ብቻ ነው የቆየችው።

ማስረጃ ምን ያህል ሩቅ እንደሚጓዝ ለማየት ደግሞ የሚከተለውን አስቡ። በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የተባሉ ሳይንቲስት የሰውን ማንነት በዘረመል፣ ማለትም በዲኤንኤ፣ የሚለዩበትን ዘዴ አገኙ። በዚያው አካባቢ በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሁለተኛይቱን ገድያለሁ ብሎ አመነ። ፖሊስ የመጀመሪያውንም ግድያ በእሱ ላይ ለማስረገጥ ወደ ጄፍሪስ ናሙና ላከ። ውጤቱ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው ግን ያመነው ልጅ አለመሆኑን አሳየ። በዓለም ላይ ይህ ምርመራ በግድያ ጉዳይ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ገዳይ መያዝ ሳይሆን፣ በገዛ አፉ ያመነን ንጹሕ ሰው ማዳን ነው። እውነተኛው ገዳይ በ1988 ተፈረደበት።

ከውቅያኖስ ማዶ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ኪርክ ብለድስዎርዝ የተባለ ሰው እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ይህንን ታሪክ አነበበ። ብለድስዎርዝ የቀድሞ የባሕር ወለድ ወታደር ነው፤ ከዚያ በፊት አንድም የወንጀል ሪከርድ አልነበረበትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደፍረህ ገድለሃል ተብሎ፣ አምስት የዓይን ምስክሮች ከልጅቷ ጋር አይተነዋል ብለው መስክረውበት በ1985 ሞት ተፈረደበት፤ በሁለተኛው ችሎት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ስለ ሌስተሩ ወጣት ሲያነብ የሱም ጉዳይ በዚሁ ዘዴ ሊመረመር እንደሚችል ተረድቶ ጠበቃውን ጠየቀ። ከዐቃቤ ሕግ በኩል የተሰጠው ምላሽ ማስረጃው ሳይወገድ አልቀረም የሚል ነበር። ጠበቃው ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሲያፈላልግ፣ የልጅቷ ልብስ በዳኛው ቢሮ ውስጥ እንደ ቀልድ ተቀምጦ ተገኘ። በ1993 በምርመራው ነጻ ወጣ፤ በአገሩ ሞት ተፈርዶበት በዲኤንኤ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው ማስረጃ ከአሥር ዓመት በኋላ እውነተኛው ገዳይ ሲታወቅ፣ በሌላ ወንጀል ተፈርዶበት ከብለድስዎርዝ ጋር በአንድ እስር ቤት የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። አምስት ምስክሮች ቀርተው አንዲት የተረሳች ልብስ እውነቱን ተናገረች።

አሁን የራሴን ልናገር። የሠራሁበትን ፍርድ ቤት አልጠራም፤ በዚያን ጊዜ የሠራነው ሥራ በብዙ ቦታ የሚሠራ ነበርና አንዱን ለይቶ መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም። መደርደሪያዎቹ ሲሞሉ የአስወጋጅ ኮሚቴ ይቋቋማል። እኔም አባል ነበርኩ። ይግባኛቸው ያለቀ ጉዳዮች ኤግዚቢት በዝርዝር ይወጣል፤ የሚሸጠው ይሸጣል፤ ለባለቤቱ የሚመለሰው ይመለሳል፤ የቀረው ይቃጠላል። ቃለ ጉባኤ ተይዞ እንፈራረማለን። ሥራው በሥርዓት የሚሠራ፣ ማንም ጥፋት የማያይበት ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከአንድ ወጣት ጠበቃ ጋር መጡ። ልጃቸው በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ዘጠነኛ ዓመቱን እስር ቤት ይዟል። በችሎቱ የቀረበው ዋና ማስረጃ ደም የነካው ሸሚዝ ነበር፤ ሸሚዙ የልጃችሁ ነው፣ ደሙም የሟች ነው ተብሏል። የደሙ ዓይነት ብቻ ነበር የተመረመረው፤ የደም ዓይነት ደግሞ ስንት ሺህ ሰው የሚጋራው ነገር ነው። ጠበቃው ሸሚዙ በዲኤንኤ እንዲመረመር ሊጠይቅ ፈልጎ፣ መኖሩን አስቀድሞ ለማረጋገጥ ነበር የመጣው። መዝገቡን አወጣሁ። በካርቦን የተጻፈው ዝርዝር ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ቁጥሩን አገኘሁት፦ «አንድ ሸሚዝ፣ ነጭ፣ እጅጌው ደም የነካው፣ በካኪ ፖስታ የታሸገ።» በቀኝ በኩል ባለው አምድ «በቃጠሎ የተወገደ» ይላል። ቀኑ ይግባኙ ከተዘጋ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ፤ መካከለኛው የእኔ ነው።

ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም ነበርና ጠበቃው ነገራቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ማነው ያቃጠለው?» አሉ። «እኔም ነበርኩበት፣ አባባ» አልኳቸው። ወደ ፊቴ ተመለከቱ። «ታዘህ ይሆናል፣ ልጄ» አሉኝና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ቢቆጡኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እረሳው ነበር መሰለኝ። ያ ልጅ ገዳይ ይሁን ንጹሕ አላውቅም፤ አባቱም አላወቁም፤ ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ሊያውቁት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ጥፋተኛም ከሆነ፣ አባትየው እርማቸውን የሚያወጡበትን ነገር ነው ያቃጠልነው።

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ልጅ ሆኜ ስሰማው ያጽናናኝ ነበር። መዝገብ ቤት ከሠራሁ በኋላ ግን የተረዳሁት፣ እውነት እያደር የሚጠራው የሚያድርበት ቦታ ካገኘ መሆኑን ነው። ደግሞ የሚያስፈልገው ቦታ እንደሚባለው ብዙ አይደለም። ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ሙሉውን ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ የነካው ክፍል ተቆርጦ፣ በጥጥ የተወሰደውም ናሙና ደርቆ በፖስታ ቢቀመጥ ይበቃል። ያላወቅነው ብዙ ነበር። እርጥብ ልብስ በፕላስቲክ እናሽግ ነበር፤ እንዲያ የታሸገ ነገር ይሻግታል፣ ሻጋታውም ዘረመሉን ይበላዋል። የደረቀ ነገር በወረቀት ከረጢት፣ እርጥበትና ሙቀት በሌለበት ክፍል ቢቀመጥ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ይህን የሚያስተምረን አንድ የግማሽ ቀን ሥልጠና በቂ ነበር።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሆነው ይህንን ያስረዳል። ናሙናዎች ምርመራው ሲያልቅ ወደ ላኩት ክፍሎች ተመልሰው በሚወገዱበት ዘመን፣ አንዲት የመንግሥት ላቦራቶሪ ባለሙያ የመረመረቻቸውን የጥጥና የጨርቅ ቁራጮች በየፋይሉ ወረቀት ላይ በማጣበቂያ ቴፕ እየለጠፈች ታስቀምጥ ነበር። ባለሙያዋ ካረፈች በኋላ፣ በ2001፣ ቁራጮቹ ሲገኙ ግዛቲቱ የቆዩ ፋይሎቿን በሙሉ አስመረመረች፤ በአስገድዶ መድፈርና በሌሎች ከባድ ወንጀሎች ተፈርዶባቸው የነበሩ ከአሥር በላይ ሰዎችም ንጹሕ መሆናቸው ታወቀ። ያች ሴት ቴፑን ስትለጥፍ ዲኤንኤ የሚባል ምርመራ ገና አልነበረም። እኛም ዛሬ የያዝነው ናሙና ነገ በምን እንደሚነበብ አናውቅም። ፒተር ሰሊቫን የተባለ እንግሊዛዊ በ1986 ለተፈጸመ ግድያ በ1987 ተፈርዶበት፣ ናሙናው እንዲመረመር ያቀረበው ጥያቄ በ2008 ቴክኒኩ ውጤት አይሰጥም ተብሎ ታልፎ ነበር። ናሙናው ግን አልተጣለም። ቴክኒኩ ሲሻሻል ተመረመረ፤ የሌላ ሰው ዘረመል ተገኘበት፤ ሰሊቫን በግንቦት 2025፣ 38 ዓመት ከታሰረ በኋላ፣ ፍርዱ ተሽሮለት ወጣ።

በእርግጥም በማንም እጅ ያልነበረ ማስረጃ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሊንዲ ቻምበርሌን የተባለች አውስትራሊያዊት እናት በ1980 በኡሉሩ አለት አጠገብ ከሰፈሩበት ድንኳን የዘጠኝ ሳምንት ልጇን የዱር ውሻ ይዞባት እንደሄደ ብትናገርም፣ በ1982 ልጇን ገድላለች ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ሕፃኗ ከላይ ደርባው የነበረችውን ትንሽ ሹራብ እናትየው በተደጋጋሚ ብትጠቅስም ከሳሾቿ አላመኗትም። በ1986 ከአለቱ ወድቆ የሞተ አንድ ጎብኚ አስከሬን ሲፈለግ፣ ያቺው ሹራብ የዱር ውሾች ዋሻ በሚበዛበት ቦታ በአፈር ተሸፍና ተገኘች። እናትየው በቀናት ውስጥ ተፈታች፤ በ1988 ፍርዱ ተሻረ። በመኪናዋ ውስጥ ተገኘ የተባለው የሕፃን ደምም ከመኪናው ፋብሪካ የተረጨ ድምፅ ማፈኛ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። በቻይና ደግሞ «ተገደሉ» የተባሉት ሰዎች ራሳቸው በሕይወት ተመልሰው መጥተዋል፤ ሼ ሺያንግሊን ሚስቱን ገድሏል ተብሎ 11 ዓመት ከታሰረ በኋላ ሚስቱ በ2005 ወደ ቀዬዋ ተመለሰች፤ ዣኦ ዝዎሃይም ጎረቤቱን በመግደል ተፈርዶበት ሳለ ሟች የተባለው ሰው በ2010 በእግሩ መጣ። ሁለቱም በምርመራ ላይ አምነው ነበር። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ማንም መዝገብ ቤት ሊጠብቀው አይችልም፤ በመጣ ጊዜ የሚቀበለው በር መኖር ግን አለበት።

ከሕግ ባለሙያዎች ጋር በዚህ ጉዳይ ስነጋገር ሁልጊዜ የሚነሳብኝ ክርክር አለ፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። ክርክር አንድ ቦታ ማለቅ አለበት ይላሉ። ፍርድ የመጨረሻ ካልሆነ የሟች ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን በየችሎቱ ይመላለሳል፤ እያንዳንዱ ፍርደኛ አንድ አዲስ ምስክር እየፈለገ መዝገብ ያስከፍታል። የሟች ቤተሰብ ሐዘን እንደገና ሲቀሰቀስ በዓይኔ አይቻለሁና ይህን ንቄ አላልፍም። ነገር ግን የኪሽኮን ጉዳይ እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው የሚያገኘው ሌላም ነገር አለ። የልጅቷ እውነተኛ ገዳይ የተፈረደበት በ2007፣ ከመጀመሪያው ምርመራ ተርፎ ከቆየ ናሙና በተገኘ ዲኤንኤ ነው። እስከዚያው ድረስ ከ30 ዓመት በላይ በነጻ ሲመላለስ ኖሯል። የተሳሳተ ሰው መታሰር ማለት ትክክለኛው ሰው አለመፈለግ ማለት ነው፤ የሟች ቤተሰብ ከፍርደኛው ቤተሰብ ባልተናነሰ በዚያች ፖስታ ውስጥ ድርሻ አለው።

የጊዜ ገደብንም ጉዳይ ማለፍ አልችልም። በዚያው በቨርጂኒያ፣ ቅጣት ከተወሰነ ከ21 ቀን በኋላ አዲስ ማስረጃ አቅርቦ ንጹሕ ነኝ ማለት በፍርድ ቤት ተቀባይነት የማያገኝበት ደንብ ለረዥም ዘመን ሠርቷል። ኧርል ዋሽንግተን የተባለ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ባልፈጸመው ግድያ አምኖ ሞት ተፈርዶበት፣ በ1985 ሊገደል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር አፈጻጸሙ የታገደለት። ኋላ ዲኤንኤው የእሱ አለመሆኑ ሲታወቅ በፍርድ ቤት በኩል የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ፣ መጀመሪያ በ1994 ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለወጥ፣ ኋላም በ2000 ይቅርታ እንዲደረግለት የገዢዎችን ፈቃድ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ንጹሕ ሰው ላልሠራው ነገር ይቅርታ መቀበሉ ራሱ የሚያም ነገር ነው። ያ ደንብ የላላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከሞት በኋላስ? እንግሊዛዊው ቲሞቲ ኢቫንስ በ1950 ተሰቀለ፤ በችሎቱ ዋና ምስክር ሆኖ የቀረበበት የቤቱ ተከራይ ጎረቤት በዚያው ቤት ውስጥ ሴቶችን እየገደለ ይቀብር የነበረ ሰው መሆኑ በ1953 ታወቀ፤ ኢቫንስ ይቅርታ የተደረገለት በ1966 ነው። በቻይና ኒዬ ሹቢን በ1995 ተገድሎ በ2016 በነጻ ተሰናበተ። እናቱ ያን ወረቀት ለመቀበል 21 ዓመት ደጅ ጠንታለች። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት በአንቀጽ 84 ላይ፣ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ፍርዱ እንዲከለስ ፍርደኛው፣ እሱ ከሞተም የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹ ወይም ወላጆቹ ማመልከት እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ የቀን ገደብም አላስቀመጠም። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ንኡስ አንቀጽ 6፣ አዲስ በተገኘ ፍሬ ነገር ፍርዱ ለተሻረለትና ቅጣቱን ለተቀበለ ሰው በሕግ መሠረት ካሳ እንዲከፈለው ያዛል። ካሳውን የሚያስገኘው ግን ያ ፍሬ ነገር ነውና፣ እሱን ያቃጠለ መሥሪያ ቤት ካሳውንም አብሮ አቃጥሏል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በነፍስ ግድያ ጉዳይ የተያዘ ደም፣ ፀጉር፣ ልብስም ሆነ ሌላ ናሙና፣ በጉዳዩ የተፈረደበት ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ አይወገድ፤ ከሞተም በኋላ ቤተሰቡ ሊያመለክት የሚችልበት በቂ ጊዜ ይቆይ። ማስወገድ ግድ ከሆነም ለፍርደኛውና ለጠበቃው አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር፤ የሚበቃ ናሙናም ተቆርጦ ይቅር። መርማሪው የሰበሰበው ሁሉ፣ ለክሱ የማይጠቅመውም ጭምር፣ በዝርዝር ተጽፎ ዝርዝሩ ለተከላካዩ ይድረስ፤ ሃካማዳም ኪሽኮም የተጎዱት በዚህ ዝርዝር እጦት ነው። አዲስ ማስረጃ አለኝ የሚል ፍርደኛ ጥያቄ የሚመረመረው ደግሞ መጀመሪያ ባሰረው ወይም በከሰሰው አካል አይሁን። እንግሊዝ ከ1997 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ኮሚሽን አላት፤ ኖርዌይና ኒው ዚላንድም ተከትለዋል። የሰሊቫንን ጥያቄ በ2008 ያለፈው ይኸው የእንግሊዝ ኮሚሽን ነውና ኮሚሽንም ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ተመልሶ የሚያየው ናሙና ስለነበረ ግን ስሕተቱ ሊታረም ቻለ።

በየመዝገብ ቤቱና በየኤግዚቢት ክፍሉ ለምትሠሩ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሕግና መመሪያ እስኪወጣ ድረስ እንኳ፣ የሚወገድ ዕቃ ዝርዝር ለፊርማ ሲመጣላችሁ ከዕቃው ስም ቀጥሎ ያለውን የሰው ስም አንብቡ፤ ያ ሰው አሁንም ታስሮ እንደሆነም ማረሚያ ቤቱን ጠይቁ። አንድ የስልክ ጥሪ ነው። እኔ ያን ዝርዝር በፈረምኩበት ቀን ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አልደወልኩም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ